መሸነፍን መማር

“ድምፅ መስጠት ምን ይለውጣል?” ይህ ጥያቄ በወጣቶች ኅብረት መካከል ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ ይከተለዋል። አንዱ የተስፋ መቁረጥ መልስ ነው፤ “ካርድ አወጣን፣ ተሰለፍን፣ ጣታችንን ቀለም ነከርን፤ ታዲያ ምን አገኘን?” ይላል። ሁለተኛው መንፈሳዊ ይመስላል፤ “እኛ የሰማይ ዜጎች ነን፤ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ” ይላል። ሦስተኛው በለሆሳስ የሚነገር ነው፤ “በዚህ አገር ለውጥ በጠመንጃ እንጂ በወረቀት አይመጣም” ይላል።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ሦስቱም መልሶች ከባዶ ሜዳ የተነሡ አይደሉም። ከኋላቸው እውነተኛ ድካም፣ እውነተኛ ፍርሃትና እውነተኛ ብሶት አለ። ስለዚህ በአንድ ጥቅስ ገሥጾ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። የአገራችን ምርጫ ብዙ ጊዜ እንደ ተበላሸ እያወቀ፣ አንድ ክርስቲያን ወጣት ድምፅ መስጠትን በትዕግሥት ሊይዘው ይገባዋልን? መልሴ አዎን ነው። ምክንያቱም ምርጫ ለሕዝብ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ተሸንፎ በሰላም ወደ ቤት መግባት ነው። ይህን ስጦታ ያላገኘ ሕዝብ ምን እንደሚከፍል ከወሎ በላይ የሚመሰክር አገር ጥቂት ነው።

ወሎ የከፈለው ዋጋ

“ማን ይግዛ?” የሚለው ጥያቄ በአገራችን ለብዙ ዘመን መልስ ያገኘው በጦር ሜዳ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው በአዲስ አበባ ሲታወጅ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ተጋጠሙ። በዚያች አንድ ቀን ከሁለቱም ወገን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደቀ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ከየመንደሩ ተጠርቶ የዘመተውን ገበሬ “ኢያሱ ይግዙ ወይስ ዘውዲቱ?” ብሎ የጠየቀው አልነበረም። አሳቡን ሳይጠየቅ ሕይወቱን ተጠየቀ።

ዓመታት አለፉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ከሁለት ዓመት ግድም በኋላም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። እንግዲህ በንጉሡ ዘመን ምርጫ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላትም በእርሳቸው የተሾሙ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እንደራሴ መላክ ይችላል፤ የሚገዛውን ግን ሊነካው አይችልም። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የሚለው አሮጌ አባባል በምርጫ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ የ1965 እና የ1966 ረሃብ መጣ። በወሎ አውራ ጎዳና ዳር የተራቡ ሰዎች ተሰብስበው የሚያልፈውን መኪና ይለምኑ ነበር። ያ ጎዳና ዛሬም በሐርቡ መካከል ያልፋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ፤ ነገሩም ለወራት ተሸፈነ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በጻፈው መጽሐፉ ይህን የእኛን ረሃብ መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የእህሉ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የሚወጣ እህል ነበር። የጠፋው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም ነበር። ሴን ከዚህና ከሌሎች አገሮች ጥናቱ ተነሥቶ በኋላ አንድ ታዋቂ አሳብ አቀረበ፤ እውነተኛ ምርጫና ነጻ ጋዜጣ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም የሚል። የነገ ሥልጣኑ በድሃው ድምፅ ላይ የተንጠለጠለ ገዢ ድሃው በመንገድ ዳር ሲሞት አላየሁም ሊል አይችልምና።

ረሃቡ ለአብዮቱ መነሣት ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወረዱ። ለውጡ ያለ ደም ይሆናል የሚል መፈክር በየአደባባዩ ይሰማ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ኅዳር 14 ቀን 60 ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ፤ ወጣት ወጣትን በየመንገዱ ገደለ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ አባቶቻችን በየቤቱ በሹክሹክታ ጸለዩ። በ1977 ደግሞ ያው ወሎ እንደ ገና ተራበ። በዚያው ዓመት መግቢያ በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ይከበር ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሣው አንድ ነገር እንድታስተውሉ ነው። በ1966 እና በ1977 መካከል ገዢው ተለውጧል፣ ሰንደቁ ላይ ያለው ምልክት ተለውጧል፣ መሬት የሚያዝበት ሕግ ተለውጧል። የወሎ ገበሬና የገዢው ግንኙነት ግን አልተለወጠም። ገበሬው ያኔም ሆነ በኋላ “አላየኸኝም፤ ስለዚህ ውረድ” የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ጠመንጃ ሰውን ከወንበር ያወርዳል፤ ቀጣዩ ሰው እንዲወርድ ግን መንገድ አይጠርግም። በጠመንጃ የመጣ ሰው የሚፈራው ሌላ ጠመንጃ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራው ያን ማጥፋት ይሆናል።

ደም ሳይፈስ ደም ማድረቅ

በወሎ ሰው ሲገደል በቀል እንዳይቀጥል አበጋርና ሽማግሌ ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ያከብራል። ምርጫም በእኔ መረዳት የዚህ ዘመድ ነው፤ ደሙ ከመፍሰሱ በፊት ደም የማድረቅ ሥርዓት ነው። ሁለት ወገን የማይስማሙበት ነገር አለ፤ መስማማት ካልቻሉ መዋጋት ይችላሉ። ከመዋጋት ይልቅ “እንቆጠር፤ ያነሰው ለጊዜው ይታገሥ፤ የበለጠው ለጊዜው ይሥራ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደ ገና እንቆጠር” ይላሉ። “ለጊዜው” የምትለው ቃል የምርጫ ነፍስ ናት። ያሸነፈውን “ለዘላለም አይደለህም” ትለዋለች፤ የተሸነፈውን “አልሞትህም” ትለዋለች።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በየሰፈራችን ያለውን ቅሬ ተመልከቱ። የቅሬ ዳኛ ይመረጣል፤ ሲደክም ወይም አባላቱ ሲያዝኑበት ይወርዳል። መዝገቡን፣ ገንዘቡን፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለተተኪው ያስረክባል። በማግስቱ ግን ያው የወረደው ዳኛ ለቅሶ ቤት መጥቶ ድንኳን ይተክላል። ያሸነፈው አያሳድደውም፤ የተሸነፈውም ቅሬውን አያፈርስም፤ ነገ እርሱም ቀባሪ ያስፈልገዋልና። አያቶቻችን ይህን በመንደር ደረጃ ችለውታል። ያልቻልነው ወደ አገር ማሳደጉን ነው።

የእኛ ምርጫ እንዴት ያለ ነበር?

አሁን የተስፋ ቆራጩን ወንድም በቅንነት ልስማው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ረጅም ሰልፍ ይዞ መረጠ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138ቱ መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ፤ ግን ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ። ከውጤቱ ክርክር በኋላ በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 የፖሊስ አባላት እንደ ሞቱ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አረጋግጧል። መሪዎቹ ታሰሩ። ስለ ጥፋቱ ድርሻ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ግን አንድ ነገር አያለሁ፤ በዚያ ዓመት ለመምረጥ የተዘጋጀ ሕዝብ ነበረን፤ መሸነፍን የሚችል ፖለቲካ ግን አልነበረንም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2007፣ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫ 547ቱንም ያዙ። እንዲህ ያለ ድል ጥንካሬ ይመስላል። ግን ስድስት ወር አልቆየም፤ በኅዳር 2008 በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፣ በክረምቱም በጎንደርና በባሕር ዳር ቀጠለ፤ በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ሕዝቡ በምክር ቤቱ ውስጥ የሚቃወም አንድ ድምፅ እንኳ ካጣ ተቃውሞው ይጠፋል? አይጠፋም፤ ወደ ጎዳና ይወጣል።

ቀጥሎ ያለው ወደ ደጃችን የመጣ ነው። በ2012 ሊካሄድ የነበረው ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላለፈ። የትግራይ ክልል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሕገ ወጥ ነው አለው፤ የክልሉ መሪዎችም የፌዴራሉ መንግሥት ዘመኑ አልፏል አሉ። “ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ ይምረጥ?” የሚለው ይህ ክርክር ወደ ጦርነቱ ከመሩት ጉዳዮች አንዱ ነበር። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ተጀመረ፤ በዓመቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ምን እንዳየን ለሐርቡ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ከዚያም ገና ሳናገግም፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን ሌላ ግጭት ቀጠለ።

ስለዚህ “ምርጫችን ተበላሽቷል” የሚለውን እቀበላለሁ። የሚከተለውን ድምዳሜ ግን አልቀበልም። መድኃኒቱ የተበላሸበት በሽተኛ ደኅና መድኃኒት ይፈልጋል እንጂ መርዝ አይጠጣም። ከላይ የቆጠርናቸው መከራዎች ሁሉ የመጡት ምርጫ በዝቶብን አይደለም። ምርጫው ሲጎድል፣ ሲታፈን ወይም ሁለቱ ወገኖች በሕጉ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው የመጡት።

ሚዛኑ ሲቀራረብ

መልካም ምሳሌም አለን። የሲዳማ ሕዝብ የክልልነት ጥያቄ በሐምሌ 2011 ግጭት አስነሥቶ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012፣ ያው ጥያቄ በወረቀት ተጠየቀ፤ ክልል መሆንን የሚደግፍ የሻፌታን ምልክት፣ በነበረበት መቀጠልን የሚወድ የጎጆን ምልክት መረጠ። ከመቶ 98 የሚሆነው ድምፅ ክልልነትን ደገፈ፤ ቀኑም በሰላም አለፈ። በሐምሌ ደም ያፈሰሰው ጥያቄ በኅዳር በብዕር ምልክት ተመለሰ።

ግን እውነቱን እንናገር፤ ሚዛኑ 98 ለ2 ሲሆን መሸነፍ አይከብድም። ፈተናው ሚዛኑ ሲቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ማብቂያ በጋና በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ ናና አኩፎ አዶ የተሸነፉት ከ9 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ውስጥ በ40 ሺህ ግድም ድምፅ ነበር። ተቀበሉ። በ2012 እንደ ገና ተሸነፉ፤ ያን ጊዜ ቅሬታቸውን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱ፤ ፍርድ ቤቱ ሲፈርድባቸው ያንንም ተቀበሉ። በ2016 ግን አሸነፉ። የተሸነፉት ጆን ማሃማም በተራቸው ወንበሩን አስረከቡ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ በ2024 ተመልሰው ተመረጡ። እነዚህ ሁለት ሰዎች መላእክት አይደሉም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ነገ ሌላ ቀን እንዳለ ስላመኑ የአገራቸውን ወጣት ወደ ጫካ አልጠሩትም።

የእግዚአብሔር ቃልስ?

“እኛ የሰማይ ዜጎች ነን” ያለው ወንድም እውነት ተናግሯል። ሐዋርያው ጳውሎስም የሰማይ ዜጋ ነበር፤ ሊገርፉት ሲያስሩት ግን የሮም ዜግነቱን አነሣ፤ በፍርድ ወንበር ፊትም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ለምርኮኞቹ በጻፈው ደብዳቤ የማረከቻቸውን ከተማ እንኳ ሰላሟን እንዲፈልጉ፣ ስለ እርስዋም እንዲጸልዩ ነገራቸው። የባቢሎንን ሰላም መፈለግ ከተገባ፣ የሐርቡንና የኮምቦልቻን ሰላም መፈለግ እንዴት ይቀራል? በመሳፍንት 9 ያለውን የኢዮአታምን ምሳሌም አስቡ። ወይራ፣ በለስና ወይን ፍሬያችንን አንተውም ብለው ሲከለከሉ በዛፎች ላይ ለመንገሥ የተስማማው እሾህ ነበር። ፍሬ ያለው ሰው ከሕዝብ ጉዳይ ሲሸሽ ወንበሩ ባዶ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ደግማችሁ እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ነገሩ የቋንቋ ቅሬታ ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ በዕለታዊው ማዕድ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው በዕብራውያን ላይ አጉረመረሙ። ቋንቋና እንጀራ አንድ ላይ ሲነሡ ምን እንደሚሆን እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። ሐዋርያት ግን አጉረምራሚዎቹን ዝም አላሰኙም፤ ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው መልካም ምስክር ያላቸውን፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ ነገሩአቸው። የተመረጡትን ስም ተመልከቱ፤ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ኢየሩሳሌም ላይ ብዙዎቹ ዕብራውያን ነበሩ፤ ምርጫቸውን ግን የተበደለው ወገን እንዲያምነው አድርገው ተጠቀሙበት። ይህ የመንግሥት ምርጫ አልነበረም፤ አንድ ለአንድ ልናዛምደው አንችልም። የሚያስተምረን ግን ግልጽ ነው፤ አማኝ ድምፁን ሲሰጥ የሚያስበው ለራሱ ወገን ብቻ አይደለም።

ይህ ለእኛ በተለይ ይሠራል። በዚህ አካባቢ ወንጌላውያን ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ በቁጥር ብቻ ከሆነ አሸናፊ አንሆንም። ደግሞም አንድ ተወዳዳሪ የእኛን መዝሙር ስለ ዘመረ ብቻ መምረጥ ሞኝነት ነው። የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ፍሬደሪክ ቺሉባ እ.ኤ.አ. በ1991 እንደ ተመረጡ አገራቸውን ክርስቲያን አገር ብለው አወጁ፤ ብዙ አማኝም እልል አለ። በ2001 ግን ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደውን ሦስተኛ ዘመን ፈለጉ። ከተቃወሟቸው መካከል አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ እርሳቸውም አሳባቸውን ተዉ። ስለዚህ “የማን ወገን ነው?” ከማለት በፊት “ሲሸነፍ ወንበሩን ያስረክባል? የማይመርጠውን ጎረቤቴን ይጠብቃል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ በሰላም የሚኖርበትን አገር መምረጥ ለባልንጀራ ፍቅር ከሚደረጉ ነገሮች አንዱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ሁሉ የመምረጥ መብት አለው። የምዝገባው ጊዜ ሲመጣ ተመዝገቡ። የተወዳዳሪዎችን አሳብ አንብቡ፤ ለስብሰባ አበል ወይም ለጓደኛ ብላችሁ ድምፃችሁን አትስጡ። የሰማችሁትን ወሬ ሳታጣሩ በስልካችሁ አታስተላልፉ፤ የሐሰት ወሬ ከጥይት ቀድሞ የሚደርስ ነው። ለመታዘብ ዕድል ካገኛችሁ ታዘቡ። ቅር ስትሰኙ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስመዝግቡ። ምርጫ በሌለበት ዓመትም የሰላም መንገድ አይዘጋም፤ በቀበሌ ስብሰባ እውነቱን መናገር፣ አቤቱታ መጻፍ፣ ለታሰረ መጠየቅ፣ ለተበደለ መመስከር አለ። እነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚያስከፍሉበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ጠመንጃ ግን ዋጋውን ከሌላው ሰው ልጅ ላይ ያስከፍላል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ መሸነፍን በቤታችን እንማር። የወጣቶች ኅብረት መሪዎች ስንመርጥ፣ የመዘምራን ኮሚቴ ሲቀየር፣ ስሙ ያልተጠራው ወንድም በሚቀጥለው እሑድ ይመጣል ወይስ ይቀራል? የተመረጠችው እህት ያልመረጧትን ታስታውሳለች ወይስ ታገልላለች? አገር የሚመሩ ሰዎች ከሰማይ አይወርዱም፤ ከእንደዚህ ያለ ኅብረት፣ ከእንደዚህ ያለ ቅሬ ይወጣሉ። አሥር ሰው ባለበት ኮሚቴ ውስጥ መሸነፍን ያልቻለ ሰው በሚሊዮኖች ፊት አይችለውም።

በሰገሌ ሜዳ የወደቀውን ገበሬ አሳቡን የጠየቀው አልነበረም። እናንተን የሚጠይቅ ወረቀት አለ፤ የተጨማደደ፣ ብዙ ጊዜ የተበደለ ወረቀት ቢሆንም። ስትጠየቁ መልሱ። መልሳችሁ ካላሸነፈ ደግሞ ላሸነፈው ጸልዩ፣ ሥራውን ተከታተሉ፣ ሲሳሳት በግልጽ ንገሩት፤ ቀጣዩንም ዙር ጠብቁ።